ዙቢያን መቼ ተሠራች? ከሁለት የተጎዱ መርከቦች ስለተሠራችው የእንግሊዝ ዲስትሮየር

ጥያቄ፦ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስላገለገሉ የእንግሊዝ ዲስትሮየሮች ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። ኤችኤምኤስ ዙቢያን ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። አንዱ ጽሑፍ በ1909 ተሠራች ይላል፣ ሌላው በ1917። ዙሉና ኑቢያን የሚባሉ በ1916 የሰጠሙ ሁለት መርከቦች ከባህር ወጥተው፣ ግማሽና ግማሻቸው በብየዳ ተገጥሞ እንደተሠራች የሚናገርም አለ። ዙሉ ግን በ1941 የጀርመኑን ግዙፍ የጦር መርከብ ቢስማርክን ካሳደዱት መርከቦች አንዷ ነበረች ይባላል። ይሄ እንዴት ይሆናል? ታሪኩ እውነት ከሆነስ የአገልግሎት ዘመኗን ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ታሪኩ እውነት ነው። ዙቢያን የምትባል ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን አነስተኛ የጦር መርከብ፣ ነበረች። የተሠራችውም ከዙሉ የፊት ክፍልና ከኑቢያን የመሀልና የኋላ ክፍል ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ግን መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ። ሁለቱም መርከቦች አልሰጠሙም። የተገጠሙት በብየዳ አይደለም። ቢስማርክን ያሳደደችው ዙሉም ሌላ መርከብ ናት። ሰንጠረዥዎን ከሁሉ ይበልጥ የምታበላሽብዎት ይቺ የመጨረሻዋ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ባህር ኃይል አንዴ የወደደውን ስም አይጥልም። መርከቧ ብትሰጥም ወይም ብትሸጥ ስሟ ይቀመጥና ከዓመታት በኋላ ለሌላ ይሰጣል። እርስዎ የሚፈልጓቸው ዙሉና ኑቢያን ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የነኩት በ1909 ነው። በ1937 ደግሞ በእነዚሁ ስሞች ሁለት አዳዲስ ዲስትሮየሮች ውሃ ላይ ዋሉ። በሜይ 1941 ቢስማርክን በሌሊት በቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ በሚመታ ፈንጂ) ካጠቁት አንዷ አዲሷ ዙሉ ናት። በሴፕቴምበር 1942 ከቶብሩክ ወረራ በኋላ በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ ሰጠመች። የአዲሷ ኑቢያን ታሪክ ደግሞ የባሰ ያምታታል። ሜይ 26 ቀን 1941 በቀርጤስ ውጊያ ላይ በቦምብ ተመታ የኋላ ክፍሏ ተቆረጠ። ግን አልሰጠመችም፤ ተጠግና ተመልሳ ጦርነቱን እስከ መጨረሻው ተዋግታለች። ስለዚህ «ኑቢያን ኋላዋ ተቆርጦ ተረፈች» የሚል ነገር ካነበቡ ወሬው የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ነው። የ1909ዋ ኑቢያን ያጣችው ፊቷን ነው። በዚህ አላበቃም፤ በ1960ዎቹ እነዚህን ስሞች የያዙ ፍሪጌቶችም ነበሩ። ስም ብቻ ይዘው ከፈለጉ የሦስት ትውልድ መርከብ አንድ ላይ ይመጣብዎታል።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ እንመለስ። በ1904 የባህር ኃይሉን የበላይ መኮንንነት የያዘው አድሚራል ጆን ፊሸር ፍጥነት የሚያሳብደው ሰው ነበር። 33 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ዲስትሮየር ጠየቀ። በከሰል ሳይሆን በነዳጅ ዘይት የሚነድ፣ በእንፋሎት ተርባይን የሚሄድ ይሁን አለ። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከዚህ የተወለዱት ትራይባል የሚባለው ምድብ 12 መርከቦች ናቸው። ስማቸው የተወሰደው ከሕዝቦችና ከተዋጊዎች ስም ነው፦ አፍሪዲ፣ ኮሳክ፣ ማኦሪ፣ ቫይኪንግ፣ ዙሉ፣ ኑቢያን፣ ወዘተ።

እዚህ ላይ ለእርስዎ ጉዳይ ወሳኝ የሆነ ነገር አለ። ባህር ኃይሉ ፍጥነቱንና ዋና ዋናውን መስፈርት ወስኖ ዝርዝር ንድፉን ለየመርከብ ሠሪው ድርጅት ተወው። በዚህ ምክንያት የአንድ ምድብ መርከቦች ቢባሉም መልካቸው የተለያየ ነው። አፍሪዲ ሦስት ጭስ ማውጫ ነበራት፣ ቫይኪንግ ደግሞ ስድስት። ኑቢያንን የሠራት ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ዉልስተን ላይ የነበረው ቶርኒክሮፍት ነው። ዙሉን የሠራት በሰሜን እንግሊዝ ታይን ወንዝ ዳር ሄበርን ላይ የነበረው ሆውቶርን ሌስሊ ነው። የአገሪቱ ሁለት ጫፍ፣ ሁለት የተለያየ የንድፍ ክፍል። «ተመሳሳይ መርከቦች ስለነበሩ በቀላሉ ተገጣጠሙ» የሚለው አባባል በየቦታው ይደጋገማል፤ አይቀበሉት። የሚመሳሰሉት በጥቅሉ ነው፦ ሁለቱም ርዝመታቸው 85 ሜትር ገደማ፣ ክብደታቸው 1,000 ቶን አካባቢ፣ መድፋቸው ሁለት ባለ 4 ኢንች፣ ቶርፒዶ መተኮሻቸውም ሁለት ነበር።

የትራይባሎቹ ትልቁ ችግር ነዳጅ መብላታቸው ነው። በአንድ ወቅት አፍሪዲና አማዞን ቅርብ ከሚገኝ የነዳጅ ማከማቻ ደርሰው ለመመለስ፣ እንፋሎት ለማስነሳት ብቻ እያንዳንዳቸው 9 ቶን ተኩል ዘይት አቃጥለዋል። ነዳጅ ለመቅዳት ነዳጅ መጨረስ ማለት ነው። እንዲህ ያለች መርከብ ከዋናው የጦር መርከብ ጓድ ጋር ሰሜን ባሕር ላይ ቀናት አትቆይም። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው ወደብ ዶቨር ግን ተስማማቻቸው። እዚያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው ውሃ ጠባቡ ቦታ ላይ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ዶቨር ፓትሮል በሚባለው ጓድ ውስጥ የገቡትም ለዚህ ነው።

ሥራቸው ለዝና የሚመች አልነበረም። ወታደርና ስንቅ ጭነው ወደ ፈረንሳይ የሚሻገሩትን መርከቦች ይጠብቃሉ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በዚህ ጠባብ ሰርጥ እንዳያልፉ ይከለክላሉ። የቤልጂየም ወደቦች ዜብሩገና ኦስተንድ በጀርመን እጅ ስለነበሩ የቤልጂየምን ዳርቻ የሚደበድቡትን መርከቦች ያጅባሉ። ማርች 4 ቀን 1915 ጉርካና ማኦሪ ዩ-8 የተባለችውን ሰርጓጅ አስገድደው አወጧትና አጠፏት። ሁለት ወር ጥቂት አለፍ እንዳለ ማኦሪ ራሷ ዜብሩገ አጠገብ ባህር ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ ላይ ወጥታ ጠፋች። በ1917 መጀመሪያ ደግሞ ጉርካ በፈንጂ ሰጠመች። በዚህ ውሃ ላይ ከመድፍ ይልቅ የሚፈራው ፈንጂ ነበር።

ኦክቶበር 26 ቀን 1916 ለሊት የጀርመን ቶርፒዶ ጀልባዎች ከቤልጂየም ተነስተው ሰርጡን ወረሩ። ሰርጡ ላይ የሰርጓጅ ማገጃ መረብ የሚጠብቁ ድሪፍተር የሚባሉ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ሰጠሙ። ፍለርት የምትባል አሮጌ ዲስትሮየር በጨለማው ከጀርመኖቹ ጋር ተላልፋ ወገን መሰሏት ዝም ብላ አለፈች። በኋላ የተመታ ድሪፍተር ለመርዳት ጀልባ አውርዳ ስትቆም ከቅርብ ተደብድባ ሰጠመች። የተረፉት በወረደችው ጀልባ ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው። ከዶቨር ትራይባሎቹ ሲወጡ ተበታትነው ነበር፤ ኑቢያን ለብቻዋ ቀድማ ሄደች። እሷም ያገኘቻቸውን መርከቦች የወገን ዲስትሮየሮች ናቸው ብላ አሰበች። ቶርፒዶ ፊቷን መታት። በዚያ ለሊት ሁለት ጊዜ የተደገመው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፦ ማን የት እንዳለ ለሁሉም በግልጽ አልተነገረም ነበር። ጉዳቱ ያንን ያህል የከፋው ጀርመኖቹ ስለበረቱ ብቻ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ኑቢያንን ጎትተው ወደ ዶቨር ሲመልሱ ነፋሱ በረታ። መጎተቻው ተበጠሰ። መርከቧም እየተንሳፈፈች ሄዳ ሳውዝ ፎርላንድ የሚባለው ነጭ ገደል ሥር ዳርቻው ላይ ተቀመጠች። የፊት ክፍሏ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1916፣ ዙሉ እዚያው ሰርጥ ላይ ፈንጂ ላይ ወጣች። ፈንጂው የፈነዳው ከሞተር ክፍሏ ሥር ነው። የኋላ ክፍሏ ተበጥሶ ሲሄድ የቀረው አካሏ ተንሳፈፈ። ጎትተው የፈረንሳይ ወደብ ካሌ አስገቧት።

እንግዲህ «ሰጥመው ተጎትተው ወጡ» የሚለው ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አንዷ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች፣ ሌላዋ ተንሳፋ ወደብ የገባች ናት። ያተረፋቸው የመርከቡን አካል በክፍል በክፍል የሚከፍለው ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ነው። አንዱ ክፍል ቢቀደድ፣ ቢበጠስም እንኳ፣ ቀጣዩ ግድግዳ ከያዘ የቀረው ይንሳፈፋል። ሰርጡ መሀል ወደ ታች ወርደው ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን፣ በጦርነት መሀል፣ ለአሮጌ ዲስትሮየር ብሎ የሚያወጣቸው አይኖርም ነበር።

ሁለቱም ቻታም ወደሚገኘው የባህር ኃይሉ መርከብ መሥሪያ ተወሰዱ። አንዷ ፊት የላትም፣ ሌላዋ ኋላ የላትም። ሐሳቡ የመጣው ከዚህ ነው፤ ግን ጉዳዩ የመልክ መገጣጠም ብቻ አልነበረም። የዲስትሮየር ውዱ ነገር ተርባይኑ ነው። የዙሉ ሞተር ክፍል በፈንጂው ሄዷል። የኑቢያን ሞተር ክፍል ግን ቶርፒዶው ከመታት ቦታ በጣም ይርቃል። ኑቢያን ያጣችውን የፊት አካል፣ ከካፒቴኑ ማዘዣና ከፊት መድፉ ጋር፣ ዙሉ ይዛ ነበር። አጋጣሚው ተቃራኒ ቢሆን፣ ሁለቱም የኋላቸውን ቢያጡ ለምሳሌ፣ ይሄ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሁለቱ ስፋት በ3 ኢንች ተኩል፣ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል። ቀጥ አድርገው ቢገጥሟቸው መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይፈጠራል። ስለዚህ የአንዱን ስፋት ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ማድረስ ግድ ነው። ከውጪው ብረት በላይ የሚያስቸግረው ውስጡ ነው። የእንፋሎትና የነዳጅ ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ የመርከቡ ወለሎች፣ ከፊት ካለው መሪ እስከ ኋላ ውሃ ውስጥ ያለው ማዞሪያ የሚሄደው ማገናኛ ሁሉ ሁለት የማይተዋወቁ ድርጅቶች በየፊናቸው የነደፉት ነው።

የተገጣጠሙትም በሪቬት ነው። የብረት ዘንግ በእሳት ይግላል፣ በቀዳዳው ያልፋል፣ ጫፉ በመዶሻ ይደፈጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ብረት አጣብቆ ይይዛል። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ብየዳ ገና ለትንንሽ ጥገና ነበር። ሙሉ በሙሉ በብየዳ የተሠራችው ፉላጋር የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ውሃ ላይ የዋለችው በ1920 ነው። ስለዚህ «ተበየደች» የሚለውን ቃል ከሰንጠረዥዎ ያውጡት።

ይሄ ሁሉ ድካም ያዋጣ ነበር ወይ? በእኔ ግምት አዎ፣ ግን በጊዜ እንጂ በጥራት አይደለም። ዙሉ ከተመታች ሰባት ወር ሲሆናት፣ ጁን 7 ቀን 1917፣ ዙቢያን አገልግሎት ገባች። አዲስ ዲስትሮየር ከባዶ ለመሥራት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ጀርመን ከፌብሩዋሪ 1917 ጀምሮ ያለ ገደብ በሰርጓጅ መምታት ጀምራ ስለነበር አጃቢ መርከብ ከወርቅ ይወደድ ነበር። የተገኘችው ግን ንድፏ ያረጀ፣ ነዳጅ የምትበላ መርከብ ናት። ለዶቨር ትበቃለች፤ ለአትላንቲክ አጀባ አትሆንም። «ድንቅ ፈጠራ» እያሉ ከሚያጋንኑት ጋር አልስማማም። ጎበዝ የጥገና ሥራ ነበር። ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴም አይደለም። በ1942 ፖርኪዩፓይን የምትባል ዲስትሮየር በቶርፒዶ ተመታ ለሁለት ልትከፈል ጥቂት ቀራት፤ በኋላ ለሁለት ተቆርጣ ግማሾቿ እንግሊዝ ቢደርሱም ዳግም ዲስትሮየር አልሆኑም። መርከበኞቹ ግን ስሟን ለሁለት ከፍለው አንዱን ፖርክ፣ ሌላውን ፓይን ብለው ተሳለቁ።

ዙቢያን ከተሠራች በኋላ የሄደችው ወደዚያው ወደ ዶቨር ነው። በጃንዋሪ 1918 ሮጀር ኪየስ የጓዱን አዛዥነት ከሬጂናልድ ቤከን ሲረከብ የሥራው ዓይነት ከበደ። ሰርጡን ለሊት በመብራት አጥለቅልቆ ሰርጓጆቹ ጠልቀው ወደ ፈንጂው መስክ እንዲገቡ ማስገደድ ተጠናከረ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1918 ዙቢያን በጥልቀት ቦምብ ዩሲ-50 የተባለችውን ፈንጂ ዘርጊ ሰርጓጅ አጠፋች ተብሎ ተመዘገበላት። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በጦርነቱ ወቅት ሰርጓጅ መትቻለሁ ማለት ቀላል ነበር፤ ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ የታየ ዘይት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የዚህ ዓይነት መዝገቦች ተቀይረዋል። ሰንጠረዡ ላይ «አሰጠመች» ሳይሆን «እንዳሰጠመች ተመዘገበላት» ብለው ይጻፉ። ከኤፕሪል 22 ወደ 23 ቀን 1918 በሚያነጋው ለሊት ዜብሩገና ኦስተንድ ሲጠቁ ደግሞ ኦስተንድ ፊት ለፊት ትልልቅ መድፍ የተሸከሙትን ሞኒተሮች አጅባለች። ጦርነቱ አለቀ፣ እሷም አላስፈለገችም። በዲሴምበር 1919 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ ምክሬ አንድ ነው። ሦስት መስመር ይጻፉ። ሁለት አይበቃም፣ አንድማ በፍጹም። ኑቢያን፦ ከ1909 እስከ ኦክቶበር 1916። ዙሉ፦ ውሃ ላይ የዋለችው 1909፣ አገልግሎት የገባችው 1910፣ ማብቂያዋ ኖቬምበር 1916። ዙቢያን፦ ከጁን 1917 እስከ ዲሴምበር 1919። እኛ አገር ጋራዥ ውስጥ የአንዱ መኪና ፊት ከሌላው ኋላ ጋር ሲቀጠል ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ሊብሬው የየትኛው ነው የሚል ነው። ባህር ኃይሉ ይሄን በማያሻማ መንገድ መልሶታል፤ አዲስ ሊብሬ አውጥቷል። ከግማሽ በላይ ብረቷ የኑቢያን ስለሆነ ኑቢያን ብሎ ሊቀጥል ይችል ነበር። አላደረገም። አዲስ ስም ሰጣት፤ መዝገቦቿም በዚያ ስም ነው የተያዙት። 1909ን የዙቢያን መነሻ የሚያደርጉ ጽሑፎች የብረቱን ዕድሜና የመርከቧን ዕድሜ ቀላቅለዋል።

ይሄን ካልለዩ ሌላ ስህተት ይከተላል። በ1914 እና በ1915 ዶቨር ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ በዙቢያን ስም ይቆጠራል። ወይም ኑቢያንና ዙሉ «የሰጠሙ» ተብለው በጠፉት መርከቦች ድምር ውስጥ ይገባሉ። በእነሱ ጉዳይ ትክክለኛው አገላለጽ «ክፉኛ ተጎድታ ከአገልግሎት ወጣች» ነው። ከትራይባሎቹ በጦርነቱ በእርግጥ የሰጠሙት ማኦሪና ጉርካ ብቻ ናቸው።

ሥዕልም የሚያስገቡ ከሆነ የፎቶውን ዘመን ሳያዩ አይለጥፉ። ከኋላ የተነሳች የኑቢያን ፎቶ «ዙቢያን» ተብላ ብትቀርብ የሚለያት ትንሽ ነገር ነው፤ ፎቶው ከጁን 1917 በፊት የተነሳ ከሆነ ግን ጥርጥር የለውም፣ ዙቢያን አይደለችም። በዙቢያን መስመር «ሠሪ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ቶርኒክሮፍትንም ሆነ ሆውቶርን ሌስሊን ብቻቸውን አያስገቡ። «ቻታም፤ ከዙሉ የፊት፣ ከኑቢያን የመሀልና የኋላ ክፍል» ብለው ይሙሉት።